«የኛ ክልል ስንተኛ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከየት ይመጣል

ሶማሌ ክልልን እንውሰድ። በ2015/16 በተካሄደው የቤተሰብ የፍጆታና ወጪ ጥናት (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፣ ጥናቶቹ የሚታወቁት በሱ ስለሆነ) ከድህነት መስመር በታች ያለው የክልሉ ህዝብ 22.4 ፐርሰንት ነው። የአገሪቱ አማካይ 23.5፣ ትግራይ 27፣ አማራ 26.1። ይሄን ብቻ ያየ ሰው «ሶማሌ ክልል ከብዙዎቹ ይሻላል» ብሎ ይሄዳል። በ2016 የተደረገውን የስነ-ህዝብና ጤና ጥናት፣ ብዙ ሰው ዲኤችኤስ የሚለውን፣ ሲከፍት ግን አብዛኛው የክልሉ ህዝብ በሀብት ከአምስቱ ምድቦች የመጨረሻው ውስጥ ነው። ህፃናቱ ጋ ሲመጣ ደሞ ሌላ ነገር ያያል፣ ለእድሜያቸው ቁመታቸው ያነሰው ማለትም የቀነጨሩት 27 ፐርሰንት ናቸው፣ ይሄ ከአገሪቱ 38 ፐርሰንት በጣም ያነሰ ነው፣ ለቁመታቸው ክብደታቸው ያነሰው ማለትም የከሱት ግን 23 ፐርሰንት፣ አገሪቱ ላይ 10 ብቻ ሆኖ እያለ። አንድ ክልል፣ አንድ ሰሞን፣ ያው የስታትስቲክስ መስሪያ ቤት፣ አራት መልስ።

የትኛው ነው ልክ ካላችሁኝ አራቱም ልክ ናቸው። አራቱም የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው እንጂ አንዱ ውሸት ሆኖ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ እኛ ብዙ ጊዜ አንዱን ቁጥር ብቻ ይዘን «ተበደልን» ወይ «ተጠቀሙ» እያልን መነታረካችን ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ በጀት ይከተለዋል፣ ጤና ጣቢያ ይከተለዋል፣ የእርዳታ እህል ይከተለዋል። ስለዚህ በክልሎች መሀል ያለ ልዩነት በስታትስቲክስ እንዴት እንደሚጠና፣ «ዘላቂ ልማት» የሚባለውም ነገር በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ፣ ሂሳቡን ሳናከብድ ቁጭ ብለን እንየው።

ከድህነት መስመሩ እንጀምር። በ2015/16 መስመሩ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር። ህፃን ልጅና አዋቂ እኩል ስለማይበሉ የቤተሰቡ አባላት መጀመሪያ በ«አዋቂ» ልክ ተቆጥረው ነው ፍጆታው የሚካፈለው። ጠያቂው ቤት ድረስ ሄዶ ምን በላችሁ፣ ምን ገዛችሁ፣ ከማሳችሁ ምን አወጣችሁ፣ በስጦታና በእርዳታ ምን አገኛችሁ እያለ ይመዘግባል፣ ሁሉም በብር ተተምኖ ይደመራል። ልብ በሉ፣ ገቢ አይደለም የሚለካው፣ ፍጆታ ነው። ገበሬን ወይ አርብቶ አደርን «ደሞዝህ ስንት ነው» ብሎ መጠየቅ ትርጉም ስለሌለው የተበላውንና የወጣውን መቁጠር የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፣ ይሄ በጣም ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ግን እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ። በእርዳታ የመጣ ስንዴም ተተምኖ ፍጆታ ውስጥ ይገባል። 2015/16 ደሞ የኤልኒኖው ድርቅ ዓመት ነው፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ የፈለገበት። ስለዚህ ከመስመሩ በላይ የተገኘ ቤተሰብ በራሱ እህልና ከብት ነው በላይ የሆነው ወይስ እርዳታ ደግፎት ነው የሚለውን ያ ፐርሰንት ብቻውን አይነግራችሁም። ዘላቂነት የሚባለው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ዛሬ ከመስመሩ በላይ መሆንና ነገ ድርቅ ቢመጣ፣ እርዳታው ቢቋረጥ፣ ከብቱ ቢያልቅ እዛው መቆየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አንድ ጊዜ የተነሳ ፎቶ ደሞ ሁለቱን መለየት አይችልም።

ሌላው ማን ተጠየቀ የሚለው ነው። ቀደም ባሉት ዙሮች፣ በ2004/05ና በ2010/11፣ የአፋርና የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር የሚበዛባቸው ዞኖች ከጥናቱ ውጪ ነበሩ፣ የሚንቀሳቀስን ህዝብ ቤት ቆጥሮ ናሙና ማውጣት ከባድ ስለሆነ። ምክንያቱ ይገባል፣ ውጤቱ ግን የእነዛ ዓመታት «የሶማሌ ክልል ድህነት» የሚለው ቁጥር ባብዛኛው በአንድ ቦታ የተቀመጠውን ህዝብ የሚናገር መሆኑ ነው። በእንስሳቱ እየተዘዋወረ የሚኖረው፣ ድርቅ መጀመሪያ የሚመታው ህዝብ፣ ቁጥሩ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ሀብት መለኪያው እንሂድ፣ እሱ በጣም የሚገርም ነገር ነው። ዲኤችኤስ ስለ ብር አይጠይቅም። ጠያቂዋ ቤት ትገባና ወለሉን ታያለች፣ አፈር ነው፣ እበት የተለቀለቀ ነው፣ ሲሚንቶ ነው? ጣሪያው ሳር ነው ቆርቆሮ? መብራት አለ? ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ሞባይል፣ አልጋ፣ የምትጠጡት ውሀ ከየት ነው፣ ሽንት ቤቱስ፣ ስንት ከብት፣ ስንት ፍየል፣ ስንት ግመል። ከዛ እነዚህ በሙሉ ወደ አንድ ነጥብ መቀየር አለባቸው። ቴሌቪዥን ስንት ነጥብ ይሰጠው፣ ግመልስ ስንት? ይሄን ሰው በፈቀደው ከመወሰን ብለው ኮምፒውተሩ ከዳታው እራሱ እንዲያወጣው ያደርጋሉ። ዘዴው የዋና ክፍሎች ትንተና ይባላል፣ ለዚህ ስራ በሰፊው የታወቀው ፊልመርና ፕሪቼት የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ካሳተሙት ስራ በኋላ ነው። የሚያደርገው ነገር ይሄ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ያይና የትኞቹ እቃዎች አብረው እንደሚገኙ ይፈልጋል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ብዙ ጊዜ መብራት አለው፣ መብራት ያለው ሲሚንቶ ወለል ያበዛል፣ ሲሚንቶ ወለል ያለው የቧንቧ ውሀ አለው። ቤቶች ከቤቶች በጣም የሚለያዩበትን አንድ መስመር ያገኝና ለየእቃው በዛ መስመር ላይ ባለው ቦታ ልክ ነጥብ ይሰጠዋል።

እና ኢትዮጵያ ውስጥ ቤቶች በጣም የሚለያዩበት መስመር የቱ ነው? ከተማና ገጠር። ስለዚህ መለኪያው ሳያስበው «ሀብታም» የሚለውን ወደ «ከተሜ» ይጠጋዋል። አንድ ቤተሰብ ብዙ ግመል ይኑረው፣ ግን የሚኖረው ተነቅሎ በግመል ተጭኖ በሚሄደው የሶማሌ ቤት፣ አቃል በሚሉት ውስጥ ነው እንበል። ወለል የለው፣ መብራት የለው፣ ቧንቧ የለው። ጅጅጋ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ወር በመጣ ቁጥር ኪራይ እየጨነቀው፣ ግን መብራትና ትንሽ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ከሱ በላይ ይቀመጣል። ይሄ ችግር ታውቆ የከተማና የገጠሩን ለየብቻ ካሰሉ በኋላ የሚያገጣጥሙበት ዘዴ መጥቷል፣ ያሻሽለዋል ግን ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። እንግዲህ የአፋርና የሶማሌ ህዝብ የመጨረሻው ምድብ ውስጥ መብዛቱ ባዶ ነገር አይደለም፣ ውሀና መብራትና መፀዳጃ አለመኖሩ እውነተኛ እጦት ነው፣ በተለይ ለህፃናት ጤና። ግን «ሀብት የላቸውም» ብሎ መተርጎም ሌላ ነገር ነው።

ልጆቹ ጋ ደሞ ልኬቱ በቀጥታ አካል ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ህፃን በመለኪያ ሰሌዳ ላይ ተጋድሞ፣ ከዛ በላይ ያለው ቆሞ ቁመቱ ይለካል፣ ይመዘናል፣ ከዛ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የጤነኛ ልጆች እድገት ጋር ይነፃፀራል። ለእድሜው ቁመቱ በጣም ካነሰ ቀንጭሯል ይባላል፣ ለቁመቱ ክብደቱ በጣም ካነሰ ከስቷል። መቀንጨር የተጠራቀመ ነገር ነው፣ ከእርግዝና ጀምሮ ለዓመታት የጎደለ ምግብ፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የማይመጣጠን አመጋገብ። መክሳት የአሁን ነው፣ የዚህ ወር፣ የዚህ ድርቅ። ወተት ጠጥቶ የሚያድግ የአርብቶ አደር ልጅ በደህና ጊዜ ቁመቱ ሊያድግለት ይችላል፣ ዝናብ ሲቀር ግን ወተቱም አብሮ ይደርቃል፣ ልጁ በአጭር ጊዜ ይከሳል። በሌላ በኩል በ2016 ከፍተኛው መቀንጨር የተመዘገበው አማራ ክልል ነው፣ 46 ፐርሰንት፣ እህል በገፍ ከሚመረትባቸው ክልሎች አንዱ። እህል መኖርና ልጁ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ንፁህ ውሀ ማግኘት አንድ አይደሉም ማለት ነው። መንግስት በ2015 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ህፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ የተሰየመውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እና በ2016ቱ ዳታ የቱ ክልል ነው የባሰበት? መቀንጨርን ከያዛችሁ አማራ፣ መክሳትን ከያዛችሁ ሶማሌ፣ ከአምስት ዓመት በታች የህፃናት ሞትን ከያዛችሁ አፋር ነው፣ ከ1,000 ህፃናት 125፣ አዲስ አበባ 39 ሆኖ እያለ። አንድ የደረጃ ሰንጠረዥ ሰርቶ ሁሉንም በተርታ መደርደር የሚፈልግ ሰው የግድ አንዱን መርጦ ሌላውን መርሳት ወይ ሁሉንም ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት አለበት፣ ሲቀላቅል ደሞ የልጅ ሞት በመንገድ ርዝመት እየተካካሰ መሆኑን ማወቅ አለበት።

መቀላቀሉን በጥንቃቄ ከሰሩት አንዱ የብዙ ገፅታ ድህነት መለኪያ ነው፣ ከ2010 ጀምሮ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎችና የተባበሩት መንግስታት የልማት ፕሮግራም የሚያወጡት። ጤና፣ ትምህርትና የኑሮ ሁኔታ በ10 መመዘኛ ይታያሉ፣ ከክብደቱ ሲሶው ያህል የጎደለበት ቤተሰብ ድሀ ይባላል። ጥሩነቱ እጦቱ እላዩ ላይ የተደራረበበትን ቤት ማየቱ ነው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያልሄደበት፣ ውሀ ሩቅ የሆነበት፣ ህፃን የሞተበት ያው አንድ ቤት ሲሆን። በዚህ መለኪያ የ2016ቱ ዳታ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ድሀ የተባለው ከ80 ፐርሰንት በላይ ነው፣ በብር መስመሩ 23.5 በተባለበት ሰሞን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንደኛው ዋሽቷል» የሚል ሰው ብዙ ነው። አልዋሹም። አንድ ቤተሰብ ሆዱን የሚሞላበት እህል ኖሮት መብራት፣ መፀዳጃ፣ ንፁህ ማገዶና የተማረ ሰው ላይኖረው ይችላል፣ ገጠራችን ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም።

እሺ አንድ መለኪያ መረጥን እንበል፣ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ናሙናው ነው። በ2016ቱ ዲኤችኤስ ከ15,000 በላይ ሴቶች ተጠይቀዋል። ሀረሪ ክልል ውስጥ ከ900 በላይ ሴቶች ተጠይቀው አገራዊው አማካይ ሲሰላ የሚቆጠሩት እንደ 38 ሴት ነው። ኦሮሚያ ውስጥ የተጠየቁት 1,900 ግድም፣ የሚቆጠሩት እንደ 5,700። መጀመሪያ ያየው ሰው ይደነግጣል፣ «የሀረሪን ሰው ጣሉት» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ናሙናው በህዝብ ብዛት ልክ ቢወጣ ሀረሪ የሚደርሰው ያቺው 38 ሴት ነበር፣ በ38 ሴት ደሞ ስለ ክልሉ ምንም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ትንንሾቹ ክልሎች ሆን ተብሎ ብዙ ሰው ይጠየቅባቸዋል፣ የራሳቸው ቁጥር እንዲኖራቸው፣ አገራዊው ሲሰላ ግን ወደ ትክክለኛ ክብደታቸው ይመለሳሉ። ይሄን ክብደት ረስቶ ዳታውን ዝም ብሎ የደመረ ተማሪ የሚያወጣው የኢትዮጵያ አማካይ የኢትዮጵያ አይደለም፣ የሀረሪና የጋምቤላ ድምፅ ከልክ በላይ የገባበት ነው።

ናሙና ስለሆነም እያንዳንዱ ቁጥር ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበት ወሰን አለው። በ2015/16ቱ የድህነት ጥናት ኦሮሚያ 23.9፣ አፋር 23.6፣ ጋምቤላ 23.0፣ ሶማሌ 22.4 ነው። እነዚህን አንደኛ ሁለተኛ ብሎ መደርደር ምንም ትርጉም የለውም፣ ሌላ ቤቶች በእጣ ቢወጡ ኖሮ ቅደም ተከተሉ ሊገለባበጥ ይችላል። በሀረሪ 7.1ና በትግራይ 27 መሀል ያለው ግን በእጣ የሚመጣ ልዩነት አይደለም። ሪፖርት ስታነቡ ከጀርባ ያለውን የስህተት መጠን ሰንጠረዥ ፈልጉ፣ ዲኤችኤስ ሪፖርቶች መጨረሻ ላይ በየክልሉ ተፅፎ አለ፣ ብዙ ሰው እዛ ገፅ አይደርስም።

ፐርሰንትና ብዛትም ይምታታሉ። አዲስ አበባ 16.8 ፐርሰንት ነው የተባለው፣ ከአገሪቱ አማካይ በታች፣ «ደህና ናት» ተብላ ትታለፋለች። በ2007ቱ ቆጠራ ህዝቧ 2.7 ሚሊዮን ነበር፣ በዛ ቁጥር እንኳን ብናሰላው 460,000 ሰው ነው፣ ይሄ በዛው ቆጠራ 183,000 ከነበረው ከመላው የሀረሪ ህዝብ ከእጥፍ በላይ ነው። ገንዘብ ወደ «ድሀ ክልል» ብቻ ይሂድ ብንል እነዚህን ሰዎች እናጣቸዋለን።

ይሄ ወደ ሌላ ጥያቄ ያመጣናል። ልዩነቱ በክልሎች መሀል ነው ወይስ በየክልሉ ውስጥ? ጂኒ የሚባለውን ሰምታችኋል፣ ጣሊያናዊው ኮራዶ ጊኒ በ1912 ያወጣው፣ 0 ከሆነ ሁሉም እኩል፣ 1 ከሆነ አንድ ሰው ሁሉንም ጠቅልሎታል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ2010/11 0.30፣ በ2015/16 0.33 ግድም ነበረች፣ ገጠሩ 0.28፣ ከተማው 0.38። ከብዙ የአፍሪካ አገር ጋር ሲተያይ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን በሁለቱ ዙሮች መሀል ጨምሯል። ጂኒ ግን አንድ ድክመት አለው፣ «ከዚህ ውስጥ ስንቱ የክልል ልዩነት ነው» ብላችሁ ስትጠይቁት በንፁህ ሁኔታ አይከፈልም። ለዛ የሆላንዱ ሄንሪ ታይል በ1967 ያመጣው መለኪያ አለ። አሰራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ፍጆታ ትታችሁ የክልሉን አማካይ ትሰጡታላችሁ፣ ሁሉም አማራ አንድ አይነት፣ ሁሉም አፋር አንድ አይነት ይሆናል፣ የቀረው ልዩነት በክልሎች መሀል ያለው ነው። ከጠቅላላው ላይ እሱን ስትቀንሱ የሚተርፈው በየክልሉ ውስጥ ያለው ነው።

በዚህ መንገድ የተጠኑ አብዛኞቹ አገሮች ላይ በፍጆታ ሲለካ ትልቁ ድርሻ የውስጡ ነው፣ በክልሎች መሀል ያለው አነስ ይላል። ይሄ ውጤት በጣም ይጠቅማል፣ በጣምም ይበደላል። የሚጠቅመው የአንድ ክልል ሰው ሁሉ አብሮ ይበላል አብሮ ይራባል የሚለውን ሀሳብ ስለሚያፈርስ ነው፣ አዳማ ያለ ነጋዴና ቦረና ያለ ከብቱ ያለቀበት አባወራ በአንድ የኦሮሚያ አማካይ ውስጥ ነው ያሉት። የሚበደለው ደሞ «እንግዲያው የክልል ልዩነት ትንሽ ነው» ተብሎ ሲደመደም ነው። የታይል ስሌት በብር ነው፣ የልጅ ሞት ላይ አፋርና አዲስ አበባ ከሶስት እጥፍ በላይ ይራራቃሉ። በዛ ላይ ብር ያለው የአፋር ገጠር ሰው የማዋለጃ ሆስፒታልን በብሩ ማምጣት አይችልም፣ መንገዱና ሆስፒታሉ የቦታ ጉዳይ ናቸው፣ የቤተሰብ አይደሉም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አሁን አሁን ቤተሰብንና አካባቢን አንድ ላይ የሚያይ ባለ ደረጃ ሞዴል ይጠቀማሉ፣ እናቲቱ የተማረችው ያው፣ ሀብቷ ያው፣ እድሜዋ ያው ሆኖ ሰፈሩ ሲቀየር ብቻ የልጇ እድል ምን ያህል ይቀየራል የሚለውን ለመለየት። በኔ እይታ ለፖሊሲ በጣም የሚጠቅመው ቁጥር ይሄ ነው፣ ግን ዜና ላይ አይወጣም።

ከላይ ያየነውን በተገላቢጦሽ መሳሳትም አለ፣ የክልልን ቁጥር ወስዶ በሰው ላይ መለጠፍ። አሜሪካ ውስጥ ዊሊያም ሮቢንሰን በ1950 የ1930ን ቆጠራ ይዞ ያሳየው ነገር አለ። በስቴት ደረጃ ሲታይ ውጭ አገር የተወለደ ሰው የበዛበት ስቴት ማንበብ የማይችል ሰው ያነሰበት ነው። ይሄን ያየ «ስደተኞቹ የተሻሉ አንባቢዎች ናቸው» ይላል። በሰው ደረጃ ሲታይ ግን ስደተኞቹ ማንበብ ባለመቻል ይብሱ ነበር፣ የሆነው ነገር የተማረ ሰው ወደሚበዛባቸው ስቴቶች ሄደው መስፈራቸው ነው። እኛ ጋ «ክልሉ ሀብታም ነው ስለዚህ ያ ብሄር ሀብታም ነው» የሚለው ንግግር ያው ስህተት ነው፣ ጉዳቱ ግን እኛ ጋ ይከብዳል፣ ሰውን ከሰው ያጣላልና።

የካርታው መስመር ራሱ ቁጥሩን ይቀይረዋል። የቀድሞው ደቡብ ክልል በ2015/16 20.7 ፐርሰንት ነበር፣ ከትልልቆቹ ክልሎች ሁሉ የተሻለ። በዛ አማካይ ውስጥ ከ50 በላይ ብሄረሰቦች፣ የከፋ የቡና ጫካ፣ ቁራሽ መሬት የተጣበበባት ወላይታ፣ ደቡብ ኦሞ ያለው አርብቶ አደር በሙሉ አንድ ላይ ነበሩ። ከዛ ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ በ2023 ደሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆኑ። ማንም ሰው ኑሮው ሳይቀየር በክልሎች መሀል ያለው ልዩነት የሚለው ስሌት ይቀየራል፣ ምክንያቱም ትናንት «ውስጥ» የነበረው ዛሬ «መሀል» ሆኗል። አስር ዓመት ወደኋላ ሄዶ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው የድሮውን ዳታ በአዲሱ ድንበር እንደገና መስራት አለበት፣ ናሙናው ግን ለአዲሶቹ ክልሎች ተብሎ የወጣ አልነበረም።

በጊዜ ማወዳደር ላይ አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ይሄ ብዙ ክርክር የሚያስነሳ ነው። በጤና ተቋም መውለድን እንይ። በ2011 ከተማ 50 ፐርሰንት፣ ገጠር 4። በ2016 ከተማ 79፣ ገጠር 20። ልዩነቱ ጠበበ ወይስ ሰፋ? በማካፈል ካየነው ከተማው ከገጠሩ አስራ ሁለት እጥፍ በላይ የነበረው ወደ አራት እጥፍ ወርዷል፣ በጣም ጠበበ። በመቀነስ ካየነው የ46 ነጥብ ልዩነት ወደ 59 ነጥብ ሄዷል፣ ሰፋ። ሁለቱም ከአንድ ዳታ የወጡ ትክክለኛ ሂሳቦች ናቸው። ባለስልጣኑ የመጀመሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ተቃዋሚው ሁለተኛውን፣ ሁለቱም አልዋሹም፣ ግን ሁለቱን አብሮ የማያስቀምጥ ሰው አንባቢውን እየመራው ነው። እኔ ከሁለቱም በፊት የገጠሩን 20 ነው የማየው፣ ከአምስት የገጠር እናቶች አራቱ ያኔም ቤት ነበር የሚወልዱት።

እዚህ ጋ ዘላቂ ልማት የሚለው ተመልሶ ይመጣል። በ2015 የፀደቁት 17ቱ ግቦች አንዱ፣ አስረኛው፣ ስለ እኩልነት ነው፣ ጠቅላላው መፈክር ደሞ ማንንም ወደኋላ አለመተው ነው። አማካይ ግን ሰው ወደኋላ ቀርቶም ሊያድግ ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች የህፃናት ሞት በ2000 ከ1,000 166 ነበር፣ በ2005 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67። ይሄ ትልቅ ድል ነው፣ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም፣ በየቀበሌው የተሰማሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ድካም እዚህ ውስጥ አለ። ግን አፋር የቀረበት 125 አገሪቱ ከአስር ዓመት በላይ በፊት የነበረችበት ቦታ ነው። አማካዩን ብቻ የሚከታተል እቅድ በቀላሉ የሚደረስበት ቦታ ላይ ሰርቶ ግቡን ያሳካል፣ ሩቁን ሳይነካ።

የሚቀጥል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደሞ ያንኑ ቤተሰብ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ከ2011/12 ጀምሮ የስታትስቲክስ መስሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚሰራው የኢትዮጵያ ማህበረ-ኢኮኖሚ ጥናት ይሄን ያደርጋል፣ በ2013/14ና በ2015/16 እነዛኑ ቤቶች መልሶ ጠይቋል፣ በ2018/19 በአዲስ ቤቶች እንደገና ጀምሯል። እንዲህ አይነት ዳታ የሚያሳየው ትልቁ ነገር ድህነት የቆመ ስም ዝርዝር አለመሆኑን ነው፣ የዘንድሮው ድሀ አምና ድሀ ያልነበረ፣ አምና የወጣው ዘንድሮ የተመለሰ ብዙ ነው። ፐርሰንቱ ሳይነቃነቅ ውስጡ ያለው ሰው ሊቀያየር ይችላል። በ2021/22ቱ ዙር ደሞ ጦርነቱ ስለነበር ትግራይ አልተካተተም። ትግራይ የሌለበትን አማካይ ትግራይ ካለበት ካለፈው ዙር ጋር ማወዳደር ማንም ሳይሻለው የተሻለ ሊያስመስል ይችላል፣ በጣም የተጎዳው ሰው ከሂሳቡ ስለወጣ። ስለዚህ ስለ ጦርነትና ድርቅ ጊዜ የሚወጣ ማንኛውም አገራዊ ቁጥር ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የጎደለው ቦታ የቱ ነው የሚለው ነው።

ከሁሉም ስር ያለው ደሞ የህዝብ ቆጠራው ነው። የመጨረሻው የተካሄደው በ2007 ነው፣ በኛ 1999 ዓ.ም። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 103 በየአስር ዓመቱ ይላል፣ አራተኛው ቆጠራ ግን ተደጋግሞ ተላልፏል። ይሄ የወረቀት ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የ2016ቱ ዲኤችኤስ የተጠየቁትን ቤቶች የመረጠው ለ2007ቱ ቆጠራ አገሪቱ ከተከፋፈለችባቸው 85,000 ግድም የቆጠራ ቦታዎች ላይ 645ቱን በእጣ አውጥቶ ነው። ከ2007 በኋላ የበቀለ የከተማ ዳርቻ ሰፈር፣ በግጭት የተፈናቀለ ቀበሌ፣ በስኳር ፋብሪካ ወይ በግድብ ምክንያት የተነሳ ህዝብ በዛ ዝርዝር ላይ በትክክል የለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለክልሎች የሚያፀድቀው የድጎማ ቀመርም አንዱ ትልቁ መሰረቱ የህዝብ ብዛት ነው፣ እሱም ከዛው ቆጠራ ተነስቶ የሚተነበይ። ትንበያው ከተሳሳተ የሚጎዳው በፍጥነት ሰው የጨመረበት ቦታ ነው፣ ለሌለ ሰው በጀት አይያዝምና።

ቆጠራ ሲጠፋ ስታትስቲክስ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ትንሽ ናሙናን ከሌላ መረጃ ጋር የሚያዋህድ ዘዴ አለ፣ የትንሽ አካባቢ ግምት ይሉታል። በሰርቬይ ላይ በድህነትና በሚታዩ ነገሮች መሀል ያለውን ግንኙነት ይማርና ሰርቬዩ ያልደረሰበት ወረዳ ላይ ይተነብያል። አሁን አሁን የሌሊት መብራትን ከሳተላይት፣ የጣሪያ አይነትን፣ ከመንገድ ያለውን ርቀት ይጠቀማል። ጎረቤት ወረዳዎች ብዙ ጊዜ ስለሚመሳሰሉ የጎረቤትን መረጃም ይበደራል። ጥሩ ነው፣ እኔ ተስፋ የማደርግበትም ነው፣ ግን ሳተላይቱ መብራት የሌለውን ገጠር በሙሉ አንድ አይነት ጨለማ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ልጁ የቀነጨረበትን ቤትና ያልቀነጨረበትን አይለይም። ለዛ አሁንም ሰሌዳውን ተሸክሞ ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

በራሳችሁ መሞከር የምትፈልጉ፣ በተለይ ተማሪዎች፣ የማህበረ-ኢኮኖሚ ጥናቱ ዳታ ዓለም ባንክ የዳታ ቤተ-መፃህፍት ላይ ተመዝግቦ በነፃ ይወርዳል፣ አር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይከፈታል። መጀመሪያ የክብደት አምዱን ፈልጉ፣ ከሱ ጋርና ያለሱ አንድ አማካይ አስሉና ምን ያህል እንደሚራራቅ እዩት። ከዛ የክልል አማካይ ከነስህተት መጠኑ አውጡ። የዞን አማካይ ግን አታውጡ፣ ናሙናው ለዞን ተብሎ አልተሰራም፣ አብሮ የሚመጣው ሰነድ ላይ የትኛው ክልል ለብቻው ሊነበብ እንደሚችልና የትኞቹ ተጣምረው ብቻ እንደሚነበቡ በየዙሩ ተፅፏል፣ ኮድ ከመክፈታችሁ በፊት እሱን አንብቡት።